የውሃ ቀጂዎችና የመጻሕፍት ጠባቂዎች

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር በሁለት ስም ይጠራል። አንደኛው እናት አባቱ ያወጡለት ስም ነው፤ ሁለተኛውም መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ስም ነው። የፊተኛው እስከ መቃብር ይከተለዋል፤ የኋለኛው ግን ጡረታ በወጣበት ቀን ከቢሮው በር ላይ ይቀራል። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ስም አለ፤ እርሱም በሥራው የተጠቀመ ሕዝብ ሳይጽፍና ሳያትም በአፉ ብቻ የሚሰጠው ስም ነው። ይህ ሦስተኛው ስም ደመወዝ አይጨምርም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ይልቅ እውነቱን የሚናገር እርሱ ነው።

ከነገሌ ቦረና ወደ ቆላው ሲወረድ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። ቤቱ ሰፊ አይደለም፤ ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለ ሆነ ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል። አንባቢዎቹ ጥላውን እየተከተሉ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳውም ወደ መስኮቱ ወንበራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከሚመጡት ብዙዎቹ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር አስተማሪ፣ ወታደር፣ ነጋዴ፣ አንዳንድ ጊዜም ከብቱን ለገበያ ያወረደ አርብቶ አደር ይገባል። በከተማዪቱ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይነገራል፤ መጻሕፍቱም እንደ ሕዝቡ የእነዚህ የሦስቱ ቋንቋዎች ናቸው፤ እንግሊዝኛም አራተኛ ሆኖ ይጨመርባቸዋል።

በዚህ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ አንድ ሰው ነበሩ። የቅጥራቸው ደብዳቤ «ጥበቃ» ይላቸዋል። ይሁን እንጂ ቤቱ ብዙ ዘመን ኃላፊ ሳይመደብለት በመቆየቱ ቁልፉ በእርሳቸው እጅ ነበረ፤ ከቁልፉም ጋር ሥራው ሁሉ። መጻሕፍቱን የደረደሩት በቍጥር ሳይሆን በአንባቢው ጠባይ ነበረ። የጤና መጻሕፍትን ከበሩ አጠገብ አኖሩ፤ ልጅ የታመመበት ሰው ይቸኩላልና። የሕግ መጻሕፍትን በላይኛው መደርደሪያ ሰቀሉ፤ ባለጕዳይ መሰላል እስኪመጣለት ድረስ ንዴቱ ይበርዳል ይሉ ነበርና። የፈተና መጻሕፍትን በመስኮቱ በኩል አደረጉ፤ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ብርሃን የሚቆየው በዚያ ነውና። ስለዚህ የከተማው ሰው «አባ ኪታባ» ብሎ ጠራቸው። ኪታባ በኦሮምኛ መጽሐፍ ማለት ነው፤ ሶማሌውም ኪታብ ብሎ ያውቀዋል። አባ የሚለውም ቃል በዚያ አገር አባት ማለት ብቻ አይደለም፤ የአንድ ነገር ባለቤትና ተጠያቂ ማለት ነው። በ2016 በአውሮፓ አቆጣጠር ዩኔስኮ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የመዘገበውን የገዳ ሥርዓት የሚመራው ሰው አባ ገዳ መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከእርሳቸው ሌላ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። አንዲቱ ቤቱን የምታጸዳ እናት ናት። ሁለተኛው በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ ያለው፣ በትምህርቱ ቦታ ስላልተገኘለት መጽሐፍ እንዲያውስ የተመደበ ጎልማሳ ነው። እርሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ከሥራ ድርሻው ወረቀት አንዲት መስመር እንዳያልፍ ይጠነቀቅ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ተመደበለት። የመጣችውም በመረጃ ሳይንስ በዲግሪ የተመረቀች ወጣት ሴት ነበረች። ኦሮምኛና አማርኛ አሳምራ ታውቃለች፤ እንግሊዝኛም ታነባለች፤ ለሥራዋም ትጉህ ነበረች።

ይዛው የመጣችው ዕውቀትም የሚናቅ አልነበረም። አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ በ1876 በአውሮፓ አቆጣጠር የሰው ልጅ የጻፈውን ሁሉ በዐሥር ክፍል ከፍሎ፣ እያንዳንዱንም መልሶ በዐሥር እየከፈለ ለመጻሕፍት ቍጥር የሚሰጥ ሥርዓት አወጣ። በዚህ ሥርዓት የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ የእንስሳት እርባታ 636 ይሆናል፤ ሥርዓቱን የተማረ ሰው ወደማያውቀው አገር ቤተ መጻሕፍት ቢገባ እንኳ ማንንም ሳይጠይቅ ይመራዋል። ይኸው ሰው በ1887 በኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ። ኮሌጁ ሴቶችን የማይቀበል ሲሆን፣ ሹማምንቱ እየተቃወሙት ሴቶችን አስገባ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም አብዛኞቹ ሴቶች ሆኑ። በአገራችንም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1990 በአውሮፓ አቆጣጠር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመላው አፍሪካ የታሰበ የመረጃ ሳይንስ ትምህርት ቤት በዩኔስኮና በካናዳው የልማት ምርምር ድርጅት እርዳታ ተከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ ሙያው በአገር ውስጥ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ የሚደረስበት ሆነ። እንግዲህ ይህች ወጣት በብዙ ሰዎች ድካም የተጠረገ መንገድ ይዛ መጥታ ነበረ።

በመጣችም በወሩ መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ አውርዳ በጀርባቸው ላይ ቍጥር ትለጥፍ ጀመር። የሽማግሌው ሥርዓት በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ያለ ሥርዓት መሆኑን አይታ ነበርና እንዲህ ማድረጓ በምክንያት ነው። ካንድ ዓመት በፊት እርሳቸው ወንድማቸውን ለመቅበር ሄደው ዐሥራ አምስት ቀን በቆዩ ጊዜ፣ አንድ መጽሐፍ እንኳ ፈልጎ የሚያገኝ ጠፍቶ ነበረ። ሰው ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ሥርዓት ለሕዝብ ቤት አይሆንም። በዚህ ነገር ወጣቷ እውነት ነበራት።

ነገር ግን ከቍጥሩ ጋር አንድ ሌላ ነገር መጣ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛውን ሁሉ የሥራ መደብና ደረጃ የሚለይ ወረቀት ላከ። በወረቀቱም ኃላፊዋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ጎልማሳው የውሰት ሠራተኛ፣ እናቲቱ ጽዳት፣ ሽማግሌውም ጥበቃ ተባሉ። መደርደሪያውን መንካት የባለሙያዪቱ ድርሻ ብቻ ሆነ። ወረቀቱ በግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ሽማግሌውም በበሩ አጠገብ በምትገኝ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የሚያውቁትን ሁሉ «ጥበቃ ምን ያውቃል?» ብለው በልባቸው ቆለፉበት። ሰውም ሲጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ውስጥ ማመልከት ጀመሩ።

በዚያ ዘመን ዝናብ ጠፍቶ ነበረ። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ አልሆኑም፤ የቦረናና የሊበን ከብትም በየመንገዱ ወደቀ። በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሊበን በኩል የመጣ፣ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት የሚሆን አንድ የሶማሌ ልጅ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባ። የቤታቸው ላሞች አልቀው ፍየሎች ብቻ ቀርተዋል፤ ፍየሎቹም ሳል ይዟቸው አፍንጫቸው ይፈስሳል። ልጁ ባለፈው ዓመት በዚሁ ቤት ስለ ፍየልና ስለ በግ በሽታ የተጻፈች አንዲት ቀጭን የሶማልኛ መጽሐፍ አይቶ ስለ ነበረ እርሷን ሊጠይቅ መጣ። በበሩ ሽማግሌውን ሰላም አለ፤ እርሳቸውም በአገጫቸው ወደ ውስጥ አመለከቱት።

ልጁ ኦሮምኛው ስብርብር ያለ ነበረ፤ ቢሆንም ኃላፊዋ ነገሩን ተረድታ ወደ 636 ሄደች። ከዶሮና ከላም መጽሐፍ በቀር በዚያ የለም። መዝገቡን አገላበጠች፤ አጣችው። ጎልማሳውም ያልተመዘገበ መጽሐፍ እንደማይፈለግ ነገረው። ልጁ እንዳመጣጡ በባዶ እጁ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የምታጸዳው እናት መደርደሪያ ስትወለውል በግድግዳው ሥር ምስጥ አየች። እርሷም ምስጡን ካየችው ሰንብታ ነበረ፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ መደርደሪያ የተጻፈው በሌላ ሰው ስም ስለ ሆነ ለመናገር ፈርታ ዝም ብላ ነበረ። በዚያ ቀን ግን ምስጡ ቋንቋ ከሚባለው ክፍል ደርሶ አየችውና ጮኸች። ምስጥ ደረጃና መደብ አይጠይቅምና ሁሉም በአንድነት ተሯሩጠው መጻሕፍቱን ወደ ውጭ ያወጡ ጀመር። ሽማግሌውም ከበሩ ተነሥተው ገቡ። ከተሸከሙት ክምር ላይ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ወደቀች፤ አንሥተውም ርእሷን በሶማልኛ ጮኽ ብለው አነበቡ። በመጽሐፏ ጀርባ የተለጠፈው ቍጥር የቋንቋ መጻሕፍት ቍጥር ነበረ።

ኃላፊዋ ሶማልኛ አታውቅም ነበረ። ኦሮምኛውም ሶማልኛውም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ስለዚህ መጽሐፏን ገልጣ ፊደሉን ማንበብ ችላ ነበረ፤ ትርጕሙ ግን አልገባትም። ፊደልን ማወቅና ነገርን ማወቅ አንድ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። እርሷም የማታውቀውን ቋንቋ መጽሐፍ ሁሉ ለጊዜው ብላ ከቋንቋ መጻሕፍት ጋር አድርጋው ነበረ። ከበሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ብትጠይቅ ኖሮ በአንዲት ደቂቃ የሚቃና ስሕተት ነበረ።

በዚያ ማታ መጻሕፍቱ በግቢው ውስጥ በሸራ ላይ ተዘርግተው ሳሉ ወጣቷ ወደ ሽማግሌው ቀርባ፣

«ጋሼ፣ ያን ቀን ልጁ ሲመጣ ለምን አልነገሩኝም?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ? ደብዳቤው በር ጠብቅ ይላል፤ በሩን ጠበቅሁ» አሏት። ጥቂት ዝም ብለውም፣ «ግን እውነቱን ልንገርሽ። ልጁ ባዶ እጁን ሲወጣ ላንዳፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ቍጥሯ አላገኘችለትም አልሁ በልቤ። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋም» አሉ።

እርሷም የምትመልሰው አጥታ መሬት መሬት ታይ ጀመር። በልቧ ግን ስንት ጊዜ በዚያ በርጩማ አጠገብ ሰላምታ ብቻ ሰጥታ እንዳለፈች ትቈጥር ነበረ።

ሽማግሌው ተወልደው ያደጉት በነገሌ ነው። ያን ማታ ለወጣቷ የነገሯት በልጅነታቸው በከተማቸው ስለ ሆነ ነገር ነበረ፤ ነገሩም በታሪክ የታወቀ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የጦር ሠፈር የነበሩ ወታደሮች በአለቆቻቸው ላይ ተነሡ። ምክንያታቸውም የምግቡ መክፋትና የውሃው ነገር ነበረ። የተራው ወታደር የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ ልቅዳ ቢል ተከለከለ። ነገሩን እንዲያዩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው አቈዩአቸው፤ ያንኑ የወታደር ምግብ እንዲበሉ፣ ያንኑም ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። እንቅስቃሴው ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተላለፈ፤ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ለዚያ ታላቅ ለውጥ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ረኃቡም፣ የመሬቱም ጕዳይ፣ የኑሮውም ውድነት አለበት። ነገር ግን በነገሌ ያደገ ልጅ ከዚያ ሁሉ ይልቅ የሚያስታውሰው ሁለቱን ጕድጓዶች ነበረ።

«ማዕርግ ባይኖር ጦር አይመራም፤ ይህን ማንም ያውቃል» አሉ ሽማግሌው። «ማዕርግ የሚጠላው ለብቻው ጕድጓድ የቈፈረ ዕለት ነው። እኔና አንቺም በዚህ ቤት ሁለት ጕድጓድ ይዘን ነበር፤ ያንቺ ቍጥሩ፣ የኔም ልቤ።»

ከዚህም ቀጥለው በቦረና ምድር ያለውን ሌላ ዓይነት ጕድጓድ አነሡላት። ከነገሌ ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቆ፣ በዱብሉቅና በአካባቢው፣ በድሮ ዘመን በሰው እጅ የተቈፈሩ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ ጕድጓዶች አሉ። ከእነርሱም እስከ 30 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ያላቸው ይገኛሉ። ከብቱ መሬቱን ቈርጦ በተሠራ መውረጃ እስከ ገንዳው ድረስ ይወርዳል። ውሃው ግን ከገንዳውም በታች ስለ ሆነ ሰዎች በጕድጓዱ ግድግዳ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ ያወጡታል። ባዶው ይወርዳል፤ ሙሉው ይወጣል፤ እጃቸውም አንድ እንዲሆን ይዘፍናሉ። በዚህም ምክንያት ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ዘፋኝ ጕድጓዶች ብለዋቸዋል።

በዚያም ማዕርግ አለ። ጕድጓዱን ከቈፈረው ሰው ዘር የሆነው በኮንፊነቱ ይከበራል። የውሃውን ተራ የሚያስጠብቀው ደግሞ አባ ሄሬጋ ይባላል፤ የማን ከብት ዛሬ፣ የማን ከብት ነገ እንደሚጠጣ ያስፈጽማል፤ ገንዳውና አጥሩ እንዲጠገንም ያዝዛል። ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ባይኖር ጉልበተኛው ብቻ ባጠጣ ነበረ። ነገር ግን በዚያ ሰንሰለት መካከል ስም የሌለው አንድ ሰው እጁን ቢያጥፍ፣ የኮንፊው ዘርም ሆነ የአባ ሄሬጋው ሥልጣን አንዲት ጠብታ ወደ ገንዳው አያደርስም። የዚያ አገር ሰው ማዕርግን የሚያውቀው ከሰንሰለቱ ውጭ ሳይሆን በሰንሰለቱ ውስጥ ነው።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን አንድ የብራና መጽሐፍ በብዙ እጅ ያልፍ ነበረ። ቆዳውን የሚፍቅ አለ፤ ቀለሙን የሚበጠብጥ አለ፤ ጸሐፊው አለ፤ ሐረጉን የሚስል አለ፤ በመጨረሻም የሚጠርዝና የሚደጕስ አለ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስሙ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ያስጻፈው ባለጸጋና የጻፈው ሰው ነው፤ የብራና ፋቂው ስም እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ፋቂው ቢሰንፍ ቀለሙ ይፈስሳል፤ የጸሐፊውም ጥበብ ከንቱ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለጦር ብቻ የተነገረ አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲያ በቤተ መጻሕፍቱ የሆነው ነገር ትንሽ ነበረ፤ ዐዋጅም ደብዳቤም የለበትም። ወጣቷ በግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አላነሣችም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሕግ ነውና። ነገር ግን በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ አራቱም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ አደረገች። መጀመሪያ የምትናገረው የምታጸዳው እናት ናት፤ ምስጥና እርጥበት፣ የተቀደደም ገጽ አስቀድሞ የሚታየው ለእርሷ ነውና። ቀጥለው ሽማግሌው በሳምንቱ ማን መጥቶ ምን አጥቶ እንደ ተመለሰ ይናገራሉ፤ በበሩ የሚወጣውን ሰው ፊት የሚያየው እርሳቸው ናቸውና። ጎልማሳውም በሒሳብ ትምህርቱ ያልተመለሱትን መጻሕፍት በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ በዚህም ሥራ ዲፕሎማው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመው። ኃላፊዋ በመጨረሻ ትናገራለች። የሶማልኛ መጻሕፍትም ሁሉ ሽማግሌው እያነበቡላት፣ እርሷም ቍጥር እየሰጠች ወደየቦታቸው ገቡ። እርሳቸው ብቻቸውን ቢሆኑ ዐሥር ቍጥር አይሰጡም፤ እርሷም ብቻዋን ብትሆን አንዱን እንኳ በትክክል አታስቀምጥም ነበረ።

ልጁ ተመልሶ መጣ። ከፍየሎቹ የተረፉት ጥቂት ነበሩ። መጽሐፏ ቀድማ ብትደርስ ሊድኑ ይችሉ እንደ ነበረ ማንም ሊናገር አይችልም፤ በድርቅ ላይ የመጣ በሽታ ብርቱ ነውና። ነገር ግን በውስጧ የታመመውን ከደኅናው ለይ፣ ለእንስሳት ሐኪምም ፈጥነህ አስታውቅ የሚል ምክር ነበረባት። ሽማግሌው መጽሐፏን በእጁ ሰጡት፤ ከጎናቸው የቆመችውም ኃላፊ በአዲስ በተማረችው ሶማልኛ ይቅርታ ጠየቀችው። ልጁ የይቅርታውን ምክንያት በሚገባ አልተረዳም፤ መጽሐፏን በሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ሄደ።

ማዕርግ ለጥያቄ የሚቀርብበት ነገር በዚያች ከተማ ብቻ የሚታይ አይደለም። ከድንበሩ ማዶ በኬንያ ጋሪሳ፣ የአገሩ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በ1996 በአውሮፓ አቆጣጠር መጻሕፍትን በግመል ጭኖ ወደ አርብቶ አደሩ ሠፈር መውሰድ ጀመረ። በሶማሌ ክልላችንም በኋላ ተመሳሳይ ሥራ ለሕፃናት ተደርጓል። በሐዋሳም በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያገለገሉት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አህያ በሚስበው ጋሪ ለልጆች መጻሕፍትን አዙረዋል። እንግዲህ ግመሉ በጥላ ሥር ተንበርክኮ መጽሐፉ ሲራገፍ፣ ከባለሙያውና ከግመል ነጂው ማንኛው ነው ቤተ መጻሕፍቱን ያመጣው? የውሃውን ጕድጓድና የሠፈሩን መንገድ የሚያውቅ ነጂ ባይኖር መጽሐፉ ከመጋዘን አይወጣም፤ የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ልጅ እንደሚስማማ የሚያውቅ ባለሙያ ባይኖርም ግመሉ የተሸከመው ወረቀት ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የምስክር ወረቀት ከንቱ ነው የሚል ቢኖር ግን ይሳሳታል። ሕንዳዊው ራንጋናታን በ1924 በአውሮፓ አቆጣጠር የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ሲሾም የሒሳብ አስተማሪ እንጂ የዚህ ሙያ ሰው አልነበረም። ሹመቱን ካገኘ በኋላ ሁሉን ዐውቃለሁ ብሎ አልተቀመጠም፤ ወደ ሎንዶን ሄዶ ተማረ። በ1931 ያወጣቸውም አምስቱ የቤተ መጻሕፍት ሕግጋት ዛሬም በየአገሩ ይጠናሉ። ሹመት ቀድሞ ለመጣለት ሰው ትምህርት ዕዳ ነው፤ ትምህርት ቀድሞ ለመጣለት ሰው ደግሞ ሕዝቡን መማር ዕዳ ነው። ሁለቱም ዕዳ ካልተከፈለ የበሩ ጽሑፍ ቀለም ብቻ ነው።

ወጣቷ ለበላይ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፋ ነበረ። በደብዳቤዋም ሽማግሌው ሦስት ቋንቋ እንደሚያነቡ፣ ከሃያ ዓመት በላይም የቤቱን ሥራ እንደ ሠሩ ዘርዝራ፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የቤተ መጻሕፍት ረዳት ተብለው እንዲመደቡ ለመነች። መልሱ በሁለት መስመር መጣ። ለመደቡ የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ስለሌላቸው ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። በሕጉ በኩል ከታየ መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ማስረጃ የሌለውን ሁሉ እንዲሁ ቢቀበሉ በዘመድና በአማላጅ የሚገባው ይበዛ ነበረና። ነገር ግን ልክ የሆነ መልስ ሁሉ ፍትሕ አይደለም። ሕጉ የማያየውን አጠገብ ያለ ሰው ማየት አለበት።

ስለዚህ እርሷ የምትችለውን አደረገች። በቀሩት ሦስት ወራት በየማለዳው ቤቱ ሳይከፈት አንድ ሰዓት ያህል ከእርሳቸው ጋር ተቀምጣ የሚያውቁትን ሁሉ በአንድ ወፍራም መዝገብ ጻፈች። የትኛው ሠፈር ሰው ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚሻ፣ በዝናብ ጊዜ የትኛው መስኮት እንደሚያፈስ፣ የትኛውን አንባቢ ተቀመጥ ማለት፣ የትኛውንም ዝም ብሎ መተው እንደሚገባ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ሲመጣ እንዳያፍር ምን እንደሚባል፣ ይህ ሁሉ ተጻፈ። በመጀመሪያ ቀን ሽማግሌው አመነቱ፤ ይህ ዕውቀት ብቻውን የቀረላቸው ማዕርግ ነበረና። ከዚያ ግን ይናገሩ ጀመር፤ በመጨረሻውም ሳምንት እርሷ ስትደክም እርሳቸው «ገና አለ፤ ጻፊ» ይሏት ነበረ።

በ2016 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 60 ሞልቶ ጡረታ ወጡ። የስንብቱ ደብዳቤ በጥበቃነት ላገለገሉበት ዘመን ምስጋና ያቀርባል። አራቱም ቡና አፍልተው ተሰነባበቱ፤ ጎልማሳውም ከሥራ ድርሻው ወጥቶ በርጩማዋን እስከ ቤታቸው ተሸከመላቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያ የሊበን ልጅ ቁመቱ ጨምሮ መጽሐፏን ሊመልስ መጣ። በበሩ አዲስ ሰው ተቀምጦ አየና «አባ ኪታባ የሉም?» ብሎ ጠየቀ። ኃላፊዋ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። በሶማልኛ ሰላም ብላ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ መጽሐፏንም ተቀብላ በ636 ቦታዋ ላይ እርሱ ራሱ እንዲያስቀምጣት አደረገች። ከዚያም በጠረጴዛው ላይ ያለውን ወፍራሙን መዝገብ ከፍታ፣ በሽፋኑ ውስጥ የጻፈችውን የሽማግሌውን ሙሉ ስም አሳየችው። ከስሙ በታች ጥበቃ የሚል ቃል የለም፤ ባለሙያም የሚል የለም። ሕዝቡ የሰጣቸው ስም ብቻ ተጽፎበታል።